ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት፣ ድንቅነሽ ፊት ቆመን ነው ጥያቄው የተነሳው። «ቲቸር፣ ከእሷ ተነስተን እዚህ ከደረስን፣ ወደ እሷ መመለስም እንችላለን ማለት ነው?» አለኝ አንድ ተማሪዬ። ጓደኛው ቀበል አድርጎ «እየተመለስን እኮ ነው፣ ዜና አታይም እንዴ?» አለው። አንዷ ልጅ ደግሞ ተቃራኒውን ያዘች። በስልኩና በኮምፒዩተሩ ምክንያት ሰው በጣም እየፈጠነ ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ፍጡር ነው የምንሆነው ብላ ተከራከረች።

አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ወደ ሙዚየሙ ይዤ መሄድ እወዳለሁ፤ በእግር ይደረሳል። ክፍል ውስጥ ከአፍ የማይወጣው ጥያቄ እዚያ ይወጣል። የዚያን ቀን መዝጊያ ሰዓት ደርሶ ስለነበር የመለስኩላቸው በጥቂት ቃል ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ የሰፋ መልስ ይገባዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ወይም ሰግደው ነው ክፍል የሚገቡት። የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ስጀምር ፊታቸው ላይ ስጋት አያለሁ። እኔም አማኝ ነኝ። አጥንቶቹን በቅንነት ማየት እምነቴን አሳጥቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ሳንፈራ እንነጋገር።

ወደ ኋላ ለመመለስ መጀመሪያ ወደ ፊት የሚወስድ አንድ መንገድ መኖር አለበት። አብዛኞቻችን ያንን ታዋቂ ሥዕል እናውቀዋለን። በአንድ ጫፍ የጎበጠ ጦጣ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀና ያለ፣ በሌላው ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው። ቲሸርት ላይ ሳይቀር ታትሟል። ሁሉም አንድ መስመር ይዘው ወደ እኛ የሚመጡ ያስመስላል። እንዲህ አልነበረም፤ ይህን ለማየት ደግሞ ከአገር መውጣት አያስፈልግም።

ከድንቅነሽ በፊት የኖረችውን አርዲን ውሰዱ። አጽሟ መገኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 አፋር ውስጥ፣ አራሚስ በሚባል ቦታ ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጀመሪያዎቹን ቁርጥራጮች ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነበር። አጥንቱ በጣም ከመሰባበሩ የተነሳ ሙሉ ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። መሬት ላይ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን ወደ ጎን ወጥቶ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ቺምፓንዚ ሲሄድ የእጁን ጣቶች አጥፎ በአንጓዎቹ መሬት ይደገፋል። አርዲ እጅ ላይ የዚህ አካሄድ ምልክት የለም።

ይህ ብዙ ነገር ይቀይራል። ቺምፓንዚ የእኛ የትናንት መልክ አይደለም። እሱም በበኩሉ እስከ ዛሬ ሲለወጥ የኖረ ዘመዳችን ነው። ስለዚህ ወደ ቺምፓንዚነት መመለስ የሚባል ነገር የለም። ያልነበርንበት ቦታ እንዴት እንመለሳለን?

የአንጎል መጠንም እንደዚሁ ነው። የድንቅነሽ ዘመዶች አንጎል ከ400 እስከ 500 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ነበር። የዛሬ ሰው በአማካይ ወደ 1,350 ሲሲ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥዕሉ ልክ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 መካከለኛው አዋሽ ውስጥ ሄርቶ ላይ የተገኘውን የራስ ቅል ተመልከቱ። ቲም ዋይት፣ ብርሃነ አስፋውና ግደይ ወልደገብርኤል የመሩት ቡድን በ2003 ይፋ አደረገው። 160,000 ዓመት ሆኖታል። የእኛው ዝርያ ነው፣ ሆሞ ሳፒየንስ። አንጎሉ 1,450 ሲሲ። ዛሬ ታክሲ ተራ ከሚሰለፈው አብዛኛው ሰው ይበልጣል። ትልቅ አንጎል ማለት ወደ ፊት መሄድ ከሆነ፣ እኛ ከሄርቶው ሰው ኋላ ቀርተናል ማለት ነው። ይህ ስሜት አይሰጥም። የዝግመተ ለውጥ መለኪያ አንድ ነው፤ ባለህበት ቦታ፣ ባለህበት ዘመን፣ ልጅ ወልደህ ልጅህ አደገ ወይ? «ፊት» የሚባል አቅጣጫ የለውም። «ኋላ»ም እንደዚሁ።

ታዲያ አንድ ፍጥረት የጣለውን ነገር መልሶ ማግኘት አይችልም? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ደስ የሚልም ነው። ሉዊ ዶሎ የሚባል የቤልጂየም የቅሪተ አካል ተመራማሪ በ1890ዎቹ አንድ ሕግ አቀረበ። ፍጥረት አያቶቹ ወደነበሩበት ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አይመለስም አለ። ምክንያቱ የዕድል ስሌት ነው። አንድ አካል የሚሠራው በብዙ ጂኖች ነው። አካሉ አላስፈላጊ ሲሆን ጂኖቹን የሚጠብቃቸው የለም። ስህተት ይጠራቀምባቸዋል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ያ ሁሉ ስህተት አንድ በአንድ በመጣበት መንገድ ይታረማል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ፒያሳ ላይ አንድ የድሮ ቤት ፈርሶ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ የሚመስል ቤት ሊሠራ ይችላል፤ በረንዳው ሳይቀር ሊመስል ይችላል። ድንጋዩ ግን ሌላ ነው፣ ሲሚንቶው ሌላ ነው።

የዚህ ማስረጃ በእያንዳንዳችን ውስጥ አለ። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን ጉበታቸው ውስጥ ራሳቸው ይሠሩታል። የእኛ የሩቅ አያቶችም ይሠሩት ነበር። ፍራፍሬ በሞላበት ጫካ ሲኖሩ ጂኑ ተበላሸ፣ ማንንም አልጎዳም። የተሰባበረው ጂን እስከ ዛሬ ዲኤንኤያችን ውስጥ ተቀምጧል። በባህር ላይ ስንት መርከበኛ በቫይታሚን ሲ እጥረት ድዱ እየደማ አለቀ! ጂኑ ግን ተጠግኖ አልተመለሰም።

ዶሎን የሚፈታተኑ ፍጥረታትም አሉ። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ጋስትሮቴካ ጉንተሪ የምትባል እንቁራሪት አለች። የእንቁራሪት ዘር ከታችኛው መንጋጋው ላይ ጥርስ ካጣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። እሷ ብቻ መልሳ አብቅላዋለች። የሜክሲኮ የዋሻ ዓሦች ደግሞ ከዚህም ይገርማሉ። በየዋሻው ጨለማ ውስጥ ዓይናቸው ጠፍቷል። ተመራማሪዎች ከሁለት የተለያዩ ዋሻዎች የመጡ ዕውር ዓሦችን አዳቀሉ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ አዩ! በአንዱ ዋሻ የተበላሸው ጂንና በሌላው ዋሻ የተበላሸው ጂን የተለያየ ስለነበር፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ። ብርሃን አይተው የማያውቁ ቤተሰቦች በአንድ ትውልድ የሚያይ ልጅ ወለዱ። ይህን ለተማሪዎች ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በሰው ወገን ለመመለስ የሚቀርበው ምሳሌ በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት አጽሙ የተገኘው ትንሹ ሰው ነው። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆነ። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ አንጎሉ ከ400 ሲሲ ትንሽ የሚበልጥ፣ ማለትም በድንቅነሽ ወገኖች መጠን። ግን ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ኖሯል። ብዙ ተመራማሪዎች ትልቅ አካል ከነበረው ጥንታዊ የሰው ወገን፣ ከሆሞ ኤሬክተስ ተነስቶ ምግብ በሚያጥርበት ደሴት ላይ ያነሰ ነው ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም። እውነት ከሆነ ግን የአንጎል ማነስ ተከስቷል። ያም ሆኖ ድንቅነሽን አልሆነም። የድንጋይ መሣሪያ እየሠራ፣ በራሱ መንገድ የኖረ ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደዚያ ልጅ ልመለስ፣ «ዜና አታይም እንዴ» ወዳለው። ምን ማለቱ እንደነበር ገብቶኛል። ጦርነቱን፣ ጭካኔውን ማለቱ ነው። ትልልቆችም «ሰው ወደ አውሬነት ተመለሰ» ይላሉ። ይህ አባባል ያሳስበኛል። ጥፋቱን ከእኛ ላይ አንስቶ በአያቶቻችን አጥንት ላይ ይጭነዋል።

ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ እሑድ። ቀኑን አስተውሉት። በዋዜማው ቅዳሜ ሌሊት እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ደርግ ስልሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገድሏል። ሌሊቱን በከተማው የሆነውን ያደረገው ሙሉ የሰው አንጎል ያለው ሰው ነው፤ ቋንቋ ያለው፣ ስብሰባ ተቀምጦ የተወያየ። አፋር አሸዋ ውስጥ ተኝታ የነበረችው ፍጡር ምን አደረገች? በሌላ በኩል ጆርጂያ ውስጥ ድማኒሲ ላይ ወደ 1.8 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የራስ ቅል ተገኝቷል። ሰውዬው ከመሞቱ ከዓመታት በፊት ጥርሱ ከአንድ በቀር ረግፎ፣ መንጋጋው ድኖ ደድሯል። ጥርስ ሳይኖረው ዓመታት ኖረ። ብቻውን እንዴት ይችላል? አንድ ሰው ሳያላምጥለት፣ ሳይፈጭለት አልቀረም ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ስለዚህ ጭካኔን «ወደ ጥንቱ መመለስ» ብላችሁ አትጥሩብኝ። ጭካኔው የዛሬ ነው፣ የእኛ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ልጅቷ ካሰበችው በላይ የምትደሰትበት መልስ አለኝ፤ መልሱም እግራችን ሥር ነው።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። እንጦጦ 3,000ን ያልፋል። ከጅቡቲ የመጣ ዘመድ ይዛችሁ እንጦጦን ውጡ። ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል። ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ደሙ ተጨማሪ ቀይ ሕዋሶች ሠርቶ ይለምደዋል። ሲመለስ ይለቀዋል። ይህ ዝግመተ ለውጥ አይደለም፤ የአንድ ሰው አካል ራሱን ማስተካከሉ ነው። ለልጁ አያወርሰውም።

ሲንቲያ ቢል የምትባል አንትሮፖሎጂስት ግን ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምራ በ2002 ያሳተመችው ሌላ ነገር ነው። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን መጠን፣ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚኖር ሰው ነው። በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠንም እንደዚያው። ከፍታው እንደሌለ ያህል! የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ቲቤታውያን ሄሞግሎቢናቸው ብዙ አይጨምርም፤ የደማቸው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። ሦስት ተራራ፣ አንድ ፈተና፣ ሦስት የተለያየ መልስ። የቲቤታውያኑ ዋና ጂን ደግሞ ዴኒሶቫን ከሚባል ከጠፋ የሰው ወገን በመዳቀል የተገኘ መሆኑ በ2014 ታውቋል። አንድ ብቸኛ የእድገት መንገድ ቢኖር ሦስቱም አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር።

የተፈጥሮ ምርጫው የሚካሄደው የት ነው ብትሉኝ፣ በብዛት ማህፀን ውስጥ ነው። ከፍታ ባልለመደ ዘር ውስጥ ደጋ ላይ የሚፀነስ ልጅ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል፤ ይህም ለሞት ያጋልጠዋል። ኦክስጅኑን በደንብ የሚጠቀም አካል ያላት እናት ብዙ ልጅ ታሳድጋለች። በየትውልዱ ትንሽ ትንሽ ልዩነት ነው። ከሺህ ዓመታት በኋላ ሕዝቡ ሌላ ደም ይኖረዋል። ባሌ ተራራ ላይ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ፣ ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር በ2019 ታትሟል። ባልጩት እየጠረቡ፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ደጋችን የድሮ ፈተና ክፍል ነው።

ሁሉም ነገር በእኩል ፍጥነት አይለወጥም። ጋሞ ደጋ ውስጥ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ (የጎጃሟን ሞጣ ማለቴ አይደለም)። እዚያ ተቀብሮ የተገኘ ሰው ከአፍሪካ ሙሉ ጥንታዊ ዲኤንኤው የተነበበለት የመጀመሪያው ነው፤ በ2015 ታተመ። 4,500 ዓመት ሆኖታል። ለከፍታ የሚረዱ ጂኖች ነበሩት። አዋቂ ሆኖ ወተት ለመፍጨት የሚያስችሉት የታወቁት ጂኖች ግን አልነበሩትም። ደጋውን ለምዷል፣ ወተቱን ገና።

የወተቱ ነገር ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። አጥቢ እንስሳ ጡት ሲጥል ወተት የሚፈጨውን ኢንዛይም መሥራት ያቆማል። የሰው ልጅም እንደዚያው ነበር። ከብት ማርባት ከመጣ ወዲህ፣ ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ፣ ኢንዛይሙን ዕድሜ ልክ የሚያሠሩ ለውጦች ተስፋፉ። በአውሮፓ አንድ ዓይነት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ሌሎች፣ ከአንድም በላይ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተለያዩት ለውጦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ላሟንና ግመሏን ያላመደው ሰው ራሱ ነው፤ ላሟና ግመሏ ደግሞ መልሰው ሰውን ለወጡት። ባህል ዝግመተ ለውጥን ያቆማል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ግን ፈጣን ስንል ሺህ ዓመታት ማለታችን ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች፣ ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ፣ ያለፈው አምስት ትውልድ ገደማ ነው። ልጅቷ ያለችው መቶ ዓመት አራት ትውልድ ቢሆን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስልክ የሚያጎብጠው አንገት ወደ ልጅ አይተላለፍም። የማየት ችግሩ፣ ቁመት መጨመሩ፣ ውፍረቱ፣ ስኳር በሽታው በአብዛኛው የአኗኗርና የምግብ ውጤት ነው። ጂኑ ያው ነው።

ጥሬ ዕቃው ግን እየበዛ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን ከእናትም ከአባትም ያልወረሰው ከ60 እስከ 70 የሚደርስ አዲስ የዲኤንኤ ለውጥ ይዞ ይወለዳል። አብዛኛው ከአባት በኩል ነው፤ አባት በዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል። በዓለም ላይ በዓመት 130 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ይወለዳሉ። አባዙት። በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 8 ቢሊዮን አዲስ ለውጥ ነው። የዲኤንኤያችን ርዝመት ደግሞ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። ስለዚህ በሕይወት ሊያኖር የሚችል የአንድ ፊደል ለውጥ ሁሉ፣ ዛሬ አንድ ቦታ አንድ ሰው ተሸክሞታል ማለት ይቻላል። ጆን ሆክስና ባልደረቦቹ በ2007 የሰው ለውጥ ባለፉት 40,000 ዓመታት ፈጥኗል ብለው የተከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕዝብ በዛ፣ ለውጥ በዛ። ይህ ሁሉ ግን ሕዝቡ ውስጥ የሚስፋፋው ቀስ እያለ ነው።

በእውነት በዓይናችን ፊት የሚሮጡት ጥቃቅኖቹ ናቸው። የወባ ፈጣን ምርመራ አንድን ፕሮቲን ፈልጎ ነው በሽታውን የሚለየው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን የጣለ የወባ ተውሳክ ኤርትራም ኢትዮጵያም ውስጥ ተስፋፍቶ ተገኝቷል። ታማሚው ይመረመራል፣ «የለብህም» ይባላል፣ መድኃኒት ሳይወስድ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተውሳኩ ይተርፋል፣ ይራባል። ጂን ማጣቱ ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል፤ እሱ ግን በማጣቱ አሸነፈ። ስለ ዝግመተ ለውጥ ማወቅ ለጤና ባለሙያ ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በራሳችን ላይስ በገዛ እጃችን እናፋጥነው? ሄ ጂያንኩይ የሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ በ2018 ፅንስ ላይ ጂን ቀይሮ መንታ ሴቶች ልጆች መወለዳቸውን አሳወቀ። ዓላማው ከኤችአይቪ መከላከል ነበር። ያው ጂን ሲጠፋ ግን ዌስት ናይል የሚባለውን ቫይረስ የመቋቋም አቅም ይቀንሳል። በቀጣዩ ዓመት የሦስት ዓመት እስር ተፈረደበት። ፍርዱ ተገቢ ነበር እላለሁ። የታመመን ሰው ደም ማከም አንድ ነገር ነው። ያልተጠየቁ፣ ያልተወለዱ የልጅ ልጆችን መቀየር ሌላ ነው።

የመጨረሻው በጣም የሚያስቆጣኝ ነው። «ሕክምናው ደካማውን ስላተረፈው ዘራችን እየደከመ ነው» የሚል ክርክር ይሰማል። ካፌ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ከተማሩ ሰዎች። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ልዩነቱ 99 ልጅ ነው፣ ከሺህ። ሕፃናቱን ይገድል የነበረው ተቅማጥ፣ ሳንባ ምች፣ ወባና ኩፍኝ ነው። ንጹህ ውሃ በሌለበት ቀበሌ መወለድ የጂን ድክመት ነው? ክትባት ያልደረሰበት ወረዳ መወለድስ? ያተረፏቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የውሃ ቧንቧና መርፌ ናቸው። ክርክሩ ክፍል ውስጥ ሲነሳ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ተማሪዎቼ እርስ በርስ እንዲተያዩ አደርግና፣ እዚህ ከተቀመጡት መካከል መኖር ያልነበረበት የትኛው ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።